የአባቴ ድምፅ መርዶ

መርዶ ለዕቃ ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተነግሮኛል። ያውም በሥርዓቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ጋቢ ተደርቦ፣ የቤቴ በር ተንኳኩቶ። የሞተ ሰው አልነበረም። ዛሬም ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን ዕንባዬ ይቀድመዋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምሠራው አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ነው። ክፍሉ ረጅም ስም አለው፤ ሠራተኛው ግን እኔና አንድ ባልደረባዬ ብቻ ነን። ፕሪንተር ሲያኮርፍ እኛ ነን፣ የዲኑ ስልክ ኢንተርኔት እምቢ ሲለው እኛ ነን፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ የሚጮኸው ወደ እኛ ነው። ባልደረባዬ የእጃጂ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የማያስቀይም፣ «እሺ» ማለት የሚያበዛ። እኔ ደግሞ ምላሴ ቀድሞኝ የሚሮጥ ሰው ነኝ። «አንቺ ስትናደጂ ሰርቨሩ ራሱ ይሞቃል» እያለ ያሾፍብኛል።

ከሥራችን ሁሉ እሱ አብልጦ የሚወደው የሽማግሌዎቹን ቀረጻ ነበር። ኮሌጁ የምዕራብ ሸዋ አረጋውያን የሚያውቁትን ይዘው እንዳይሄዱ ብሎ ያስቀርጻቸው ነበር። እሱ ካሜራውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወንጪ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፣ ጅባት ጫካ ሥር ይገባል፣ የተሰጠውን እርጎ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ይመለሳል። በዚህ ዙረቱ ነው ሸነን ደርሶ አባቴን የቀረጸው።

አባቴ ሸነን ላይ ዕድሜውን ሙሉ ድሬሰር ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። በዚያ አገር እሱ መርፌ ያልወጋው መቀመጫ የለም ይሉ ነበር። ወሬ ሲጀምር ሁልጊዜ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና «ስሙኝማ» ይላል፤ ከዚያ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይመርቃል። እሱ ጴንጤ፣ እናቴ ኦርቶዶክስ፤ በጾም ቀን እሷ ሽሮዋን እሱ እርጎውን ይዘው በአንድ ገበታ ሲነታረኩ ነው ያደግሁት። አባቴ እናቴን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ያቺ ሴትዮ» ነው የሚላት፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንኳ።

ባልደረባዬ ከሸነን እንደተመለሰ ጠራኝና፣ «መጨረሻ ላይ ለባለቤትዎ የሚሉት ቃል ካለ ብዬ ጠየቅኳቸው» አለኝ። «ለእናትሽ ያሉት አለ።»

«ምን አለ?»

«ከራሳቸው ስሚው። የእኔ አይደለም።»

አባቴንና እናቴን ጎን ለጎን አስቀምጬ እሰማዋለሁ ብዬ አቆየሁት። አባቴ ግን ያኔም ሳንባው ታሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጠናበትና ወደ አምቦ ሪፈር ተባለ። እኔ ከአምቡላንሱ ጋር ሄድኩ፤ እናቴ ልብስና ስንቅ ይዛ በአውቶቡስ ልትከተለን ቀረች። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸ። ስትደርስ ዓይኑ ተከድኗል። ፌስታሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ «አንድ ቃል እንኳ ሳይሰጠኝ?» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትለው፤ ለእሱ ነው። እኔ ግን ያቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነገርኳት። «እማዬ፣ ቃልስ ሰጥቶሻል። ቀረጻው ላይ አለ፣ ላምጣልሽ» አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«አታምጪው! አሁን ድምፁን ብሰማ ተከትዬው ነው የምሄደው። ሙት ዓመቱ ይድረስ፤ ያን ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት እሰማዋለሁ።»

«እሺ፣ ያለውን እንኳ ልጁ ይንገርሽ...»

«ከእሱ አፍ እንጂ ከሌላ አፍ አልሰማም! ደግሞ በስልክሽ ገልብጠሽ በባጃጅ በታክሲ ድምፁን እንዳታንከራትቺው። ካለበት ይረፍ። ማይልኝ።»

ማልኩላት። እናት «ማይልኝ» ስትል ምን ይባላል? ሟቹም የእሷ፣ ሐዘኑም የእሷ፣ ቃሉም ለእሷ የተላከ ነው።

በዚያ ዓመት እናቴ ከሳች። ወደ አምቦ መጥታ አብራኝ እንድትኖር ብለምናት «እሱን ማን ላይ ጥዬ?» ትላለች። ጎረቤቷ በደወለችልኝ ቁጥር ወሬዋ አንድ ነው፤ «እናትሽ አትበላም፤ ታቀርብና ትከድነዋለች፤ ጠዋት ያየሁት ሰሃን ማታም እንደተከደነ ነው።» ሄጄ ስቆጣት «በላሁ እኮ» ትለኛለች። ምን ትበላለች፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ! እኔ በሆዴ ሙት ዓመቱን እንደ መድኃኒት እጠብቃለሁ። ድምፁን ትስማና ይውጣላት፣ አልቅሳ ትነሳለች፣ እያልኩ።

በዚህ መሃል ነው አዲሱ ስቶሬጅ የመጣው። ቀረጻዎቹ የነበሩበት አሮጌ ኮምፒውተር ዲስኩ መንጫጫት ጀምሮ ስለነበር ሁሉም ወደ አዲሱ ተዛወረ፤ አሮጌዎቹ ዲስኮች በአስተዳደሩ ትዕዛዝ ተጠርገው ለሌላ ክፍል ተሰጡ።

ስቶሬጅ ማለት ብዙ ዲስክ የታጨቀበት ሣጥን ነው። ከጀርባው ሁለት ኮንትሮለር አለው፤ የዲስኮቹ በረኞች በሏቸው። ሁለት የሆኑት አንዱ ቢታመም ሌላው በር እንዲከፍት ነው። ስለዚህ ከሰርቨሩ ወደ ሁለቱም በረኞች ኬብል ይዘረጋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሰርቨር ካልነገሩት አያውቅም፤ ያው አንድ ዲስክ በሁለት በር ሲመጣበት ሁለት ዲስክ ይመስለዋል። መልቲፓዝ የሚባለው ነገር ይህንን ማስተማሪያ ነው፤ «ሁለት የመሰሉህ አንድ ናቸው፤ መለያ ቁጥራቸውን እይ፤ በአንድ ስም ጥራቸው፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው እለፍ።» አሁን እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ያኔ ግን ከሁለታችን የሚያውቀው አልነበረም። ዕቃውን ሊተክል ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ አንድ ኬብል ብቻ ነበር የያዘው፤ ያንን ሰክቶ፣ «ሁለተኛውን እልካለሁ» ብሎ፣ ስለ መልቲፓዝ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የከሰዓቱን መኪና ተሳፈረ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ መቃብሩን ለማሠራት ፈቃድ ወስጄ ሸነን ሄድኩ። በዚያ ሰሞን በእኛ በኩል ስልክ ዝግ ነበር። አምቦና ሸነን የሚገናኙት በሹፌር መልእክት ብቻ ነው። ታዲያ እኔ ሲሚንቶና አሸዋ ሳማርጥ ሁለተኛው ኬብል አምቦ ደረሰ።

ባልደረባዬ ሰካው። ክፋት አልነበረበትም፤ በረኛው ሁለት ከሆነ መንገዱም ሁለት ይሁን ብሎ ነው። ሲሰካው ሰርቨሩ ላይ አዲስ ዲስክ ብቅ አለ፤ መጠኑ ከፊተኛው ጋር እኩል፣ ማንም የማይጠቀምበት።

እንግዲህ የእኛን ቤት ችግር የማያውቅ ሰው በዚህ ላይ ይፈርዳል። እኛ ጋ ባዶ ዲስክ ማለት በበጋ የተገኘ ውሃ ነው። መምህሩ ቦታ ስጡኝ፣ ሬጅስትራር ቦታ ስጡኝ፣ ቤተ መጻሕፍት ቦታ ስጡኝ ሲሉን ነው የሚውሉት። ለግዥ ክፍል ያልጻፍነው ደብዳቤ የለም። አዲሱ ዲስክ ሲታየው «ገለተ ዋቃ!» ብሎ አጨበጨበ፤ ምስጋና ለእግዜር ማለቱ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ዲስክ ኬብሉ ሲደርስ የተከፈተ መሰለው። ለእኔም ለአዲስ አበባው ሰውዬም ሊደውል ሞከረ፤ ስልክ የለም። መምህራኑ ወሬውን ሰምተው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ፎርማት ሊያደርገው፣ ማለትም ጠርጎ ለሥራ ሊያዘጋጀው፣ ሲል ማሽኑ ጠየቀው፤ «በውስጡ ነገር አለበት፤ ልቀጥል?» አለው። ከፋብሪካ የቀረ ነው ብሎ ቀጥል አለው። የመምህራኑንም ቪዲዮ ወዲያው ጫነበት፤ አመሰገኑት፣ መረቁት።

ቀረጻዎቹ ወዲያውኑ አልጠፉም። የሽማግሌዎቹ ስም፣ የአባቴም ጭምር፣ ለጊዜው እንደተደረደረ ይታይ ነበር። ሰርቨሩ የሚያስታውሰውን ነው የሚያሳየው እንጂ ከሥሩ ቤቱ ባዶ ሆኗል። በማግስቱ መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ አንድም ስም የለም። ባልደረባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እስከ ምሳ አልተነሳም አሉኝ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አሞት መስሏት ሎሚ አምጥታለት ነበር።

ከሸነን በተመለስኩ ማግስት ነው እንግዲህ በሬ የተንኳኳው። ከፈትኩ። የሠፈራችን የዕድር ዳኛ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። አጠገባቸው ከባልደረባዬ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ፣ ከኋላ እሱ ራሱ፣ አንገቱን ደፍቶ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «እናቴን! ትናንት ደህና ጥያት መጥቼ!»

ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን ሳያስተካክል እየሮጠ ወጣ። የፊት ለፊቷ ሴትዮ ምኑንም ሳታውቅ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን መምታት ጀመረች። የዕድር ዳኛው እጃቸውን እያራገቡ «ኧረ ሰው አልሞተም! ሰው አልሞተም ስንል!» ይላሉ፤ ማን ይሰማቸዋል? እንደ ምንም አስቀመጡኝ፣ ውሃ አጠጡኝ። ከዚያ ዳኛው መናገር ጀምረው ጠፋባቸው። ለሰው ሞት ቃሉን ያውቁታል፤ ለዚህ ከየት ያምጡት? «የአባትሽ... እንግዲህ ያው አባትሽ... ያ በመኪናው... በማሽኑ ውስጥ የነበሩት...» አሉና ወደ ባልደረባዬ ዞሩ።

«የአባትሽ ድምፅ ጠፋ» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። «አንተ ገዳይ! ሁለት ጊዜ ገደልከው!» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ «ተዪ ልጄ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ሲሉኝ እሳቸውንም አልማርኳቸውም። እሱ ቆሞ ሁሉንም ሰማኝ። በመጨረሻ፣ «እሳቸው ያሉትን ልንገርሽ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ» አለኝ።

«ለእኔ እንዳትነግረኝ!» አልኩት። «የተላከው ለእሷ ነው። ሸነን ሄደህ ዓይኗን እያየህ ንገራት።»

ዲስኩን አዲስ አበባ ወስደን ፋይል ያወጣል ለተባለ ሰው ሰጠነው። በላዩ ብዙ ስለተጻፈበት ከአንዳንዱ ሽማግሌ ቁርጥራጭ ወጣ፤ ከወንጪ ሐይቅ የጀልባ ቀዛፊዎች ዘፈን ወጣ፤ ከአባቴ ግን ሳሉ እንኳ አልወጣም።

ከዚያ መልቲፓዙን አስተካከልነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጎን ለጎን ተቀምጠን። እኔ እተይባለሁ፣ እሱ መለያ ቁጥሮቹን ያነብልኛል። በሁለቱ ኬብል የመጡት ዲስኮች ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። እሱ አንዱን አንብቦ፣ ሁለተኛውን አንብቦ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ቁጥሩን አለማየቱ ነበር ጉዳዩ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ሁለቱ በአንድ ስም ተጠሩ። መፈተኛው ኬብል መንቀል ነው፤ «ንቀለው» አልኩት። ነቀለው፤ ሰርቨሩ ለአፍታ ዝም ብሎ በሌላው መንገድ ሥራውን ቀጠለ። መልሶ ሰካው፤ ሌላውን ነቀለ፤ ያው ነው። እንከን የለውም። እኔ ግን ስክሪኑን እያየሁ አለቀስኩ፤ አሁን ምን ሊጠብቅልኝ ነው?

ለሙት ዓመቱ አብረን ሸነን ሄድን። እዚያ እናቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ካህናቱን ጠርታ ትጠብቃለች። የአባቴ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጥተዋል፤ እነሱ ሙት ዓመት አይሉትም፣ «የምስጋና ጸሎት» ነው የሚሉት፤ ከዛፉ ሥር ለብቻ ተቀምጠው የተሰጣቸውን ለስላሳ ይጠጣሉ። እናቴ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ አዙራ አስቀምጣቸዋለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አባቴ እዚያ ግድግዳ ላይ የሚታይ መስሏት ነው።

ሰው ሳይገባ ወደ ጓዳ ወስጄ ነገርኳት። እሱ አጠገቤ ቆሟል። ሽማግሌ ልያዝ ቢለኝ እምቢ ብዬው ነበር። እናቴ ጨርሳ ሰማችኝና ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አንድ ቤት በሁለት በር ገብቶ ሁለት ቤት መሰለው?»

«አዎ እማዬ።»

«ሰው አይጠይቅም?»

«ስልክ ዝግ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ትጮሃለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብዬ ልይዛት ተዘጋጅቼ ነበር። ወደ እሱ ዞረች። እሱ በጉልበቱ ወድቆ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለ፤ ከዚያም በኦሮምኛ ደገመው።

«ተነስ። ምን አለ?»

ተነሳ። ግድግዳውን ይዞ ነገራት። «'እኔ ስሄድ ብቻዋን እንዳትበላ ንገሩልኝ' አሉ። 'ብቻዋን ስትሆን ሁለት ጊዜ ጎረስ አድርጋ ትከድነዋለች። ሰው ትጥራ። ሰው ቢጠፋ መንገደኛ አስገብታ ትብላ' አሉ።»

ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ እናቴ ብቻዋን ቀርባ ስትከድን፣ ይህ ቃል አምቦ ውስጥ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር። እሷ «ይረፍ» ብላ፣ እኔ ምዬ፣ እሱ የሰው አደራ አልናገርም ብሎ፤ ሦስታችንም አክብረነው።

እናቴ ግን ፊቷን አጨማደደች። «እንደዚያ አይልም» አለች።

«ቃል በቃል ነው፣ እማማ...»

«'ንገሩልኝ' አይልም። 'እንዳትበላ' ብሎ አይጀምርም። አንተ አታውቀውም።» ቀና አለች፤ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች። «'ስሙኝማ'» አለች። ድምፁ የእሷ አልነበረም። ወፈር ብሎ፣ ቃሉን ጎተት አድርጎ፣ መሃል ላይ ያ ሳሉ። «'ስሙኝማ። ያቺ ሴትዮ ብቻዋን አትቀመጥ በሏት። አትበላም እሷ፤ ትከድነዋለች። ኧረ ሰው ትጥራ!'»

ባልደረባዬ አፉን በእጁ ያዘ። «አዎ» አለ፣ «አዎ፣ 'ያቺ ሴትዮ' ነው ያሉት። እንደዚያ ነው ያሉት።»

እናቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነችና በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጠረግ አደረገችና መደርደሪያው ላይ ተከድኖ የነበረውን ሰሃን አወረደች። ክዳኑን አነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነካ ነበር።

«ታጠብና ቅረብ» አለችው።

እሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ በእጁ ላይ ውሃ አፈሰስኩለት።